በሞተር ብስክሌት ላይ ለሚታሰር የቦታ መለኪያ መሣሪያ የኤሌክትሪክ ኀይል ስለ ማድረስ

በገጠር ያሉት ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ከመኪና መንገድ የራቁ ስለ ሆኑ፥ የትምህርት ሱፐርቫይዘሮች፥ የጤናና የእርሻም ሠራተኞች ወደ እነርሱ የሚደርሱት በሞተር ብስክሌት ነው። በእነዚህም ጕዞዎች የትምህርት ቤቱን፥ የውኃውን ምንጭና የመንገዱን ስፍራ ለይቶ ለመመዝገብ ጂ.ፒ.ኤስ. የሚባለው የቦታ መለኪያ መሣሪያ በመሪው ላይ ታስሮ ሲሄድ ይታያል። መሣሪያው ትንሽ ነው፤ ከሰው መዳፍ እምብዛም አይበልጥም። ነገር ግን እንደ ማናቸውም ሠራተኛ ያለ ቀለብ አይሠራም፤ ቀለቡም ኤሌክትሪክ ነው።

ይህን ቀለብ ከሞተር ብስክሌቱ ወስዶ ለመሣሪያው ማድረስ ለአንድ አስተዋይ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሥርዓቱን ሳያውቅ የጀመረው እንደ ሆነ ግን መሣሪያውን ያቃጥላል፤ ወይም ባትሪውን አድክሞ ሰውን በምድረ በዳ ያስቀራል፤ ከዚህም ሲከፋ ከቤንዚን ታንክ አጠገብ እሳት ያስነሣል። ስለዚህ መምህራን ለተማሪዎቻቸው፥ ሽማግሌዎችም ሞተር ብስክሌት ለሚነዱ ልጆቻቸው ለማስረዳት ይችሉ ዘንድ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንገልጻለን።

መሣሪያው ስለ ምን ያለ ማቋረጥ ኀይል እንደሚሻ ለማወቅ አስቀድሞ ሥራውን ማወቅ ይገባል። ከምድር ወደ ላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በየዕለቱ ሁለት ጊዜ ምድርን የሚዞሩ የአሜሪካ መንግሥት ሳተላይቶች አሉ። የመጀመሪያው የተላከው በ1970 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቈጣጠር በ1978) ሲሆን፥ ሥርዓቱ ሙሉ ሆኖ መሥራቱ የታወቀው በ1987 ዓ.ም. (በ1995) ነው። ለሕዝብ የሚደርሰውም ምልክት ሆን ተብሎ እንዲደበዝዝ ይደረግ ነበርና፥ በሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ይህ ማደብዘዝ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በገላጣ ስፍራ የቆመ ተራ መሣሪያ ያለበትን ቦታ ከጥቂት ሜትሮች በማይበልጥ ስሕተት ይናገራል።

እያንዳንዱ ሳተላይት እጅግ የታመነ ሰዓት ተሸክሞ ጊዜውን በራዲዮ ያስታውቃል። በመሪው ላይ ያለው መሣሪያም ምልክቱ ከሳተላይቱ ተነሥቶ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ ቈጥሮ ርቀቱን ያወጣል፤ ከአራት ሳተላይቶች የሰማ እንደ ሆነም ስፍራውንና ከፍታውን ይለያል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህን በራሱ ሚዛን ሊመዝነው ይችላል። ዕለት በ60 ኬክሮስ፥ ኬክሮስ በ60 ካልዒት እየተከፈለ በሣልሲት፥ በራብዒትና በኀምሲት አልፎ እስከ ሳድሲት ይወርዳል፤ ይህም ኬክሮስ የጊዜ ነው እንጂ በጂኦግራፊ ትምህርት የሚነገረው አይደለም። ሒሳቡን ላወጣው ሰው አንዲት ሳድሲት አንድ ሴኮንድ በሚሊዮን ቢከፈል ከሁለቱ ክፋይ ጥቂት ያንሳታል፤ በዚህች ጊዜ ውስጥ ብርሃንና ራዲዮ 555 ሜትር ያህል ይሄዳሉ። እንግዲህ አባቶቻችን ከክፍልፋይ ሁሉ ታናሽ ያደረጓት ሳድሲት ለዚህ መሣሪያ እጅግ ብዙ ጊዜ ናት፤ በአንዲት ሳድሲት ቢሳሳት ትምህርት ቤቱን ከወንዝ ማዶ ያስቀምጠዋል።

እያንዳንዱ ሳተላይት ስለ ራሱ መንገድ የሚናገረው ቃል በየ30 ሴኮንዱ ይደገማል፤ የሳተላይቶች ሁሉ ዝርዝር ግን ተነግሮ እስኪያልቅ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። መሣሪያው ከብዙ ቀን በኋላ ወይም ከሩቅ ስፍራ ሲበራ ይህን ቃል እንደ ገና ማዳመጥ ሊኖርበት ይችላል። ኀይሉም በየጐርባጣው መንገድ የሚቋረጥ ሲሆን፥ መሣሪያው በጠፋበት ጊዜ የታለፈው መንገድ በመዝገቡ ላይ አይገኝም፤ መካከሉ እንደ ተቀደደ ብራና ክፍት ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ቀለቡ እንመለስ። በእጅ የሚያዙት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ሁለት ትንንሽ ድንጋይ ይጐርሳሉ። እዚህ ላይ የአማርኛችንን መደባለቅ ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ሰው የእጅ መብራቱን ባትሪ፥ በውስጡ የሚገባውን ደግሞ ድንጋይ ይለዋልና። በዚህ ጽሑፍ ባትሪ ስንል የሞተር ብስክሌቱን፥ ድንጋይ ስንል ትንሿን የራዲዮ ድንጋይ ማለታችን ነው። ለምሳሌ ጋርሚን ኢትሬክስ 10 የሚባለው መሣሪያ በሁለት ድንጋይ 25 ሰዓት ያህል እንደሚሠራ ሠሪዎቹ ይናገራሉ። የመስኮቱ መብራት ሁልጊዜ የበራ እንደ ሆነ ግን ይህ ሰዓት ያጥራል፤ ከሥራው ሁሉ ብዙ የሚበላው የመስኮቱ መብራት ነውና።

ስለዚህ በወር አንድ ቀን ለሚጓዝና እንዲህ ያለ ታናሽ መሣሪያ ለያዘ ሰው ሽቦ መዘርጋት አያስፈልገውም፤ አራት ድንጋይ በኪሱ ይዞ ቢሄድ ይበቃዋል። ሰፊ መስኮት ያለው ለሞተር ብስክሌት የተሠራ መሣሪያ ወይም በዚያው ሥራ ላይ የዋለ ስልክ ሲሆን፥ ወይም ጕዞው መብራት በሌለበት አገር ሳምንት የሚቈይ ሲሆን ግን፥ ቀለቡን ከሞተር ብስክሌቱ መውሰድ ግድ ይሆናል።

የኤሌክትሪክን ጠባይ ለሕፃናት ለማስረዳት የውኃ ወፍጮ መልካም ምሳሌ ነው። ውኃው ከላይ የሚወርድበት ከፍታ ቮልት ይባላል፤ በቦዩ የሚያልፈው የውኃው ብዛት አምፔር ይባላል፤ ወፍጮውን የሚያዞረው ጕልበት ዋት ይባላል። ቮልት በአምፔር ቢባዛ ዋትን ይሰጣል። ስሞቹም የሰዎች መታሰቢያ ናቸው። ቮልት በ1792 ዓ.ም. (በ1800) የመጀመሪያውን ባትሪ ካስታወቀው ከኢጣልያዊው ከአሌሳንድሮ ቮልታ፥ አምፔር ከፈረንሳዊው ከአንድሬ ማሪ አምፔር፥ ዋት ከስኮትላንዳዊው ከጄምስ ዋት ስም የተወሰዱ ናቸው። በሞተር ብስክሌት ላይ የምናገኘውን፥ እርሳስና አሲድ ያለበትንና ደጋግሞ የሚሞላውን ባትሪ ግን በፈረንጆች 1859 ያወጣው ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ነው።

ሞተር ብስክሌት የራሱን ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ሞተሩ ሲዞር ማግኔት ያለበት ጎማ መሰል ብረት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ይሽከረከራል፤ ማግኔት በሽቦ አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚነሣ በፈረንጆች 1831 እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ አሳይቷል። እንዲህ የተነሣው ኤሌክትሪክ ግን እየተመላለሰ የሚፈስስ ነው፤ ሞተሩ በፈጠነም መጠን ከፍ ይላል። ስለዚህ አንድ አቃኝ ዕቃ ተቀብሎ በአንድ ወገን ብቻ እንዲፈስስ ካደረገውና ከፍታውን ከወሰነ በኋላ ወደ ባትሪው ያደርሰዋል። የዛሬ ሞተር ብስክሌቶች ባትሪ 12 ቮልት ይባላል፤ በእውነቱ ግን ሞልቶ ያረፈ እንደ ሆነ 12.7 ያህል፥ ሞተሩ ሲሠራና ሲሞላ ከ13.5 እስከ 14.5 ይደርሳል። በአሮጌዎቹ ላይ 6 ቮልት የሆነም ይገኛልና፥ በባትሪው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ ምንም ነገር ማያያዝ አይገባም።

መሣሪያው ምን ያህል ይበላል? ብዙዎቹ 5 ቮልት ተቀብለው ከ1 አምፔር አያልፉም፤ ይህም 5 ዋት ነው። በብዙ ታናናሽ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ያለው የፊት መብራት 35 ዋት ስለ ሆነ፥ መሣሪያው የሚበላው የመብራቱን ሰባተኛ እጅ ብቻ ነው። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ይህ ምንም አያስጨንቅም።

ጭንቀቱ ሞተሩ ከቆመ በኋላ ነው። 5 ዋት በ12 ቮልት ሲካፈል ከ0.4 አምፔር ጥቂት ይበልጣል፤ በመካከል የሚባክነው ሲጨመርበት ግማሽ አምፔር ይሆናል። የታናሽ ሞተር ብስክሌት ባትሪ 5 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ቢሆን፥ በ10 ሰዓት ውስጥ ባዶውን ይቀራል ማለት ነው። ነገር ግን ባዶ እስኪሆን መጠበቅ አያስፈልግም፤ የተጋመሰ ባትሪ ሞተር ለማስነሣት ይለግማልና። ማታ በ12 ሰዓት በርቶ የቀረ መሣሪያ ከሌሊቱ በ5 ሰዓት ባትሪውን አጋምሶታል፤ ባለቤቱም ጠዋት ቍልፉን ሲያዞር አንዲት ድምፅ ብቻ ይሰማል። በእግር የሚረገጥ ማስነሻ ያለው ሰው በላብ ይወጣዋል፤ የሌለው ግን ከመንደር ሰው ለምኖ በቍልቍለት ያስገፋል።

ቀጥሎ የምንናገረው ስለ ከፍታው ነው። ባትሪው 12 ቮልት፥ መሣሪያው 5 ቮልት ስለ ሆነ፥ ሁለቱን እንዲሁ ማያያዝ ለእጅ ወፍጮ የፏፏቴ ውኃ እንደ መልቀቅ ነው። ድንጋይ በሚገባበት ስፍራ በኩል 12 ቮልት የሰጠ ሰውማ የባሰ አጥፍቷል፤ ሁለቱ ድንጋይ ተደምረው 3 ቮልት ብቻ ናቸውና። አንዳንድ ብልሆች ነን የሚሉ ሰዎች በመካከል ሬዚስተር፥ ማለት የኤሌክትሪክን መተላለፊያ የሚያጠብብ ዕቃ፥ በማስገባት ከፍታውን ለመቀነስ ይሞክራሉ። ይህ አይረባም። ስለ ምን ቢሉ፥ ሬዚስተር የሚቀንሰው ቮልት በሚያልፍበት አምፔር ልክ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ መብራቱ ሲበራ ብዙ፥ ሲጠፋ ጥቂት ይስባል። እንግዲህ ጥቂት በሚስብበት ሰዓት የሚደርሰው ቮልት ወደ ላይ ዘሎ መሣሪያውን ይገድለዋል።

ትክክለኛው ነገር 12ቱን ቮልት ተቀብሎ፥ ከዚያኛው ወገን የሚሳበው ቢበዛም ቢያንስም፥ 5 ቮልት አጽንቶ የሚሰጥ መቀየሪያ መግዛት ነው። ይህም ዛሬ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ሆኖ በገበያ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም የዩኤስቢ መሰኪያ አለው። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ትርፉን በሙቀት የሚያባክን ነው፤ 1 አምፔር ሲያሳልፍ ከ12ቱ ቮልት 7ቱን አቃጥሎ 7 ዋት ሙቀት ያወጣል፤ ይኸውም መሣሪያው ራሱ ከሚበላው የበለጠ ነው። ሁለተኛው በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ በልክ የሚያሳልፍ ነው፤ ይህ ጥቂት ብቻ ስለሚያባክን እርሱን መምረጥ ይገባል። ሲገዙም ውኃ የማያስገባ መሆኑን፥ የሚሰጠውም አምፔር መሣሪያው ከሚጠይቀው የማያንስ መሆኑን ይመልከቱ። የአምፔሩ መብለጥ አይጐዳም፤ መሣሪያው የሚያስፈልገውን ብቻ ይወስዳልና። የሚጐዳው የቮልቱ መብለጥ ነው። ይህን ልዩነት ብዙ ሰው ይስተዋል።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር ደርሰናል፤ እርሱም ፊውዝ ነው። በጋራዥ አንዳንዶች ቫልቮላ ይሉታል። በውስጡ ያለችው ቀጭን ብረት ከተወሰነው አምፔር በላይ ሲያልፍባት ቀልጣ ትበጠሳለች፤ መንገዱም ይዘጋል። በእኛ ሥርዓት ዋስ ማለት ይህ ነው፤ ባለዕዳው በጠፋ ጊዜ ዕዳውን በራሱ ላይ የሚቀበል።

ብዙ ሰው ፊውዝ መሣሪያውን ለመጠበቅ የሚገባ ይመስለዋል። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ይህስ እንደምን ነው ቢሉ፥ መሣሪያው የሚስበው ግማሽ አምፔር ነው፤ ታናሽ የተባለው ባትሪ ግን ሁለቱ ራሶቹ በሽቦ በቀጥታ የተገናኙ እንደ ሆነ ከ50 አምፔር በላይ በአንድ ጊዜ ይተፋል። ቀጭን ሽቦ ይህን ሊሸከም አይችልም፤ ልክ እንደ ምጣድ ስር ፍም ይቀላል።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የትምህርት ቤቶችን ስፍራ ከሚመዘግብ አንድ ቡድን ጋር ጸሐፊ ሆኜ በቈላ አገር እጓዝ ነበር። እኔ ከኋላ ተቀምጬ የነበረበት ሞተር ብስክሌት መሣሪያው በመሪው ላይ ታስሮበት፥ ሽቦው ያለ ፊውዝ ከባትሪው ራስ ላይ ተጠምዝዞ በፕላስተር ተጠቅልሎ ነበር። ያሰረው ሰው ቸኵሎ ነበርና፥ እንዲህ ያለች ቀጭን ሽቦ ምን ታደርጋለች ብሎ ነው። ሦስት ቀን መልካም ሆኖ ሠራ። በአራተኛው ቀን ቍልቍለት ስንወርድ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ፤ ወዲያውም ከቤንዚኑ ታንክ ስር ጢስ ወጣ። ነጂው አቁሞ ወደ ጎን ዘለለ፤ እኔም ጋቢዬን በእጄ ጠቅልዬ ሽቦውን ከባትሪው ላይ መነጨቅሁት። ጋቢው ተበሳ፥ ሁለት ጣቴም ተላጠ፤ ከዚህ በቀር የደረሰብን ጕዳት የለም። የቤንዚኑ ቱቦ ግን ከቀላው ሽቦ አንዲት ጣት ያህል ብቻ ርቆ ነበር።

በኋላ ስንመረምረው ነገሩ ግልጥ ሆነ። ሽቦው የሚያልፈው መሪው በሚዞርበት አንገት በኩል ስለ ነበረ፥ መሪው በዞረ ቍጥር ብረቱ እያሸው ልባሱን ፈቀፈቀው፤ መዳቡም ተገልጦ የብስክሌቱን ብረት ነካ። መሣሪያው አንድም ነገር አልሆነም፤ ከጥፋቱም ወገን አልነበረም። የ3 አምፔር ፊውዝ በባትሪው አጠገብ ቢኖር ኖሮ፥ ሽቦው ገና ብረቱን በነካበት ቅጽበት ተበጥሳ እኛ የምናውቀው የመሣሪያውን መጥፋት ብቻ በሆነ ነበር።

ስለዚህ ፊውዙ የሚቀመጥበት ስፍራ ከባትሪው የመደመር ምልክት ካለበት ራስ ከአንድ ስንዝር ያልራቀ ይሁን። በመሣሪያው አጠገብ ያስቀመጡት እንደ ሆነ ከእርሱ በፊት ያለው ሽቦ ሁሉ ጠባቂ የሌለው ይሆናል፤ ዘበኛ በበር ይቆማል እንጂ በእልፍኝ አይቆምም። መጠኑም ለዚህ ሥራ 2 ወይም 3 አምፔር ይበቃል። አልገኝ ሲል 15 አምፔር ማስገባት፥ ወይም የተቃጠለውን በሲጋራ ወረቀት ብርና በሽቦ ቍራጭ መተካት፥ ዋሱን አሰናብቶ ዕዳውን ለቤት ማስቀረት ነው። ፊውዝ በተቃጠለ ጊዜ ምክንያቱን ሳይፈልጉ ሌላ መተካትም አይገባም።

ኀይሉን ከወዴት መሳብ ይሻላል? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በቀጥታ ከባትሪው ስቦ በመካከል ማብሪያና ማጥፊያ ማድረግ ነው። ይህ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የደከመ ሰው ማጥፋቱን ይረሳል፤ የረሳ እንደ ሆነ ከላይ የቈጠርነው ሒሳብ ይደርስበታል። ሁለተኛው የሞተሩ ቍልፍ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ሽቦ፥ ለምሳሌ ከኋላው መብራት መስመር፥ መሳብ ነው። የእኔ ምርጫ ይህ ሁለተኛው ነው፤ ቍልፉን ያልነቀለ ሰው የለምና መሣሪያውም አብሮ ይቈረጣል። በዚህ ጊዜ ፊውዙ የሚገባው ሽቦው ከመስመሩ ተከፍሎ በሚወጣበት ስፍራ ነው። ለ5 ዋት ይህ መስመር ይበቃል፤ ብዙ ለሚበላ ዕቃ ግን አይሆንም።

ትክክለኛውን ሽቦ ለማግኘት ከፍሬቻ ላይ የወለቀች ባለ 12 ቮልት አምፑል ሁለት ሽቦ ቢያበጁላት በቂ መፈተኛ ትሆናለች። አንዱን ጫፍ ወደ ብረቱ፥ ሁለተኛውን ወደሚፈተነው ሽቦ አድርገው ቍልፉን ያዙሩ፤ ቍልፉ ሲከፈት በርታ ሲዘጋ የጠፋች እንደ ሆነ የምንፈልገው እርሱ ነው። ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለ። በአንዳንድ ታናናሽ ሞተር ብስክሌቶች ላይ መብራት በባትሪው ሳይሆን በቀጥታ ከሽቦው ጥቅል በሚመጣው ተመላላሽ ኤሌክትሪክ ይበራል። ምልክቱም ሞተሩ ሳይነሣ መብራቱ አለመብራቱ፥ ከተነሣም በኋላ ነዳጅ በሰጡት መጠን መድመቁና መፍዘዙ ነው። ከእንዲህ ያለ መስመር ፈጽሞ መሳብ አይገባም፤ ኤሌክትሪኩ የሚመላለስና ከፍታውም የማይጸና ስለ ሆነ መቀየሪያውን ይሰብረዋል። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ ከክላክሱ መስመር ይፈትኑ፤ እርሱ ብዙ ጊዜ ከባትሪው ወገን ነውና።

ሥራው ሲጀመር ሞተሩ ይቁም፥ ቍልፉም ይነቀል። ከባትሪው አስቀድሞ የሚፈታው የመቀነስ ምልክት ያለበት ራስ ነው፤ በመጨረሻም የሚታሰረው እርሱ ነው። ምሥጢሩ ይህ ነው፤ በዛሬ ሞተር ብስክሌቶች የብስክሌቱ ብረት ሁሉ ከመቀነሱ ራስ ጋር የተያያዘ ነው። የመደመሩን ብሎን አስቀድሞ የሚፈታ ሰው መፍቻው ብረቱን በነካ ጊዜ ባትሪውን በመፍቻው በኩል አገናኝቶ ብልጭታና ቃጠሎ ያስነሣል። የመቀነሱ ራስ አስቀድሞ የተፈታ እንደ ሆነ ግን መፍቻው የትም ቢነካ መንገዱ ስለማይሞላ ምንም አይሆንም። ይህን ለተማሪዎች በሰሌዳ ላይ ሥዕል ሥሎ ማስረዳት መልካም ነው፤ ምክንያቱን ያወቀ ልጅ ቅደም ተከተሉን አይረሳም።

ሞተሩ እየሠራ ሳለ የባትሪውን ራስ መፍታት ደግሞ ከዚህ የተለየ ጥፋት ነው። ባትሪ ለኤሌክትሪክ እንደ ኩሬ ነው፤ የሚመጣውን ጐርፍ ተቀብሎ ያሳርፋል። ኩሬው የተነሣ እንደ ሆነ ቮልቱ ድንገት ከፍ ብሎ የሚያገኘውን ሁሉ ይመታል። የላላ የባትሪ ብሎንም ይህንኑ ያደርጋልና ጠበቅ ብሎ መታሰሩን መመልከት ያሻል።

ሽቦው በታንኩ ስር ሲያልፍ ከነባሮቹ ሽቦዎች ጋር ይታሰር፤ ከጭስ ማውጫውና ከሞተሩ ሲሊንደር ይራቅ። በመሪው አንገት ዘንድ ላላ ያለ ትርፍ ይኑረው፤ ታስሮ ካለቀም በኋላ መሪውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ እስከ መጨረሻው እያዞሩ አለመወጠሩንና አለመቈንጠጡን ይመልከቱ። ሽቦና ሽቦ የሚገናኙበት ስፍራ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተሸፈነ እንደ ሆነ በመንገዱ መንቀጥቀጥ ይላላል፤ በብየዳ ብቻ የተያዘም ከብየዳው ጫፍ ላይ ይሰበራል። ከሁሉ የሚሻለው ለዚህ በተሠራ መያዣ ተጨምቆ በላስቲክ እጅጌ የተሸፈነው ነው።

ስለ ዝናብ አንዲት ቀላል ብልሃት አለች። ወደ መሣሪያው የሚገባው ሽቦ አስቀድሞ ከመግቢያው በታች ወርዶ ከዚያ ወደ ላይ ይታጠፍ። በሽቦው ላይ የሚወርደው ውኃ በእጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ መሣሪያው አይወጣም። ዳሩ ግን መሰኪያው የሚገባበት ታናሽ ቀዳዳ የዚህ መሣሪያ ደካማ ብልት ነውና፥ ሽቦው በአጠገቡ ከመሪው ጋር በጥብቅ ካልታሰረ በመንቀጥቀጥ ብዛት ይሰፋል። ከውስጥ የተሰበረውን ቀዳዳ በገጠር የሚጠግን ሰው አይገኝም።

ሽቦው ሁሉ በሥርዓት ተሠርቶ መሣሪያው ካርታውን አላሳይም የሚልበት ጊዜ አለ። ይህ ከጥፋት የመጣ ላይሆን ይችላል። አንዳንዱ መሣሪያ በዩኤስቢ ሽቦ ኀይል ሲያገኝ ከኮምፒዩተር ጋር የተገናኘ ይመስለውና መዝገቡን ለማስረከብ ተዘጋጅቶ ይቆማል። ለዚህ መፍትሔው ኀይል ብቻ የሚያስተላልፍ ወይም ለዚያው መሣሪያ ለተሽከርካሪ የተሠራ ሽቦ መጠቀም ነው። ደግሞም ሞተሩ በባትሪ ሲነሣ የባትሪው ቮልት ለጥቂት ጊዜ ስለሚወርድ ውስጡ ድንጋይ የሌለው መሣሪያ ጠፍቶ ሊበራ ይችላል፤ ስለዚህ ድንጋይ የሚጐርሰው መሣሪያ በሽቦ እየሠራም ቢሆን ድንጋዩ በውስጡ ይኑር።

ሥራው ሲፈጸም የመቀነሱ ራስ ይታሰር፤ ቍልፉ ተከፍቶ መሣሪያው መብራቱ፥ ተዘግቶ መጥፋቱ ይታይ። ሞተሩን አስነሥተው ሩብ ሰዓት ያህል ከተጠቀሙ በኋላ መቀየሪያውንና የተገናኙትን ስፍራዎች በእጅ ይዳስሱ፤ ለብ ያለ ደኅና ነው፥ የሚያቃጥል ግን ተፈትቶ ይመርመር። ከመጀመሪያው ሳምንት ጕዞ በኋላም በመሪው አንገት ያለው ሽቦ ልባሱ ተፈቅፍቆ እንደ ሆነ እንደ ገና ይታይ። በክረምት መንገዱ ተዘግቶ ሞተር ብስክሌቱ ለብዙ ሳምንት የሚቆም ሲሆን የመቀነሱ ራስ ተፈትቶ ይቀመጥ፤ ባትሪውም በወር አንድ ጊዜ ይሞላ፤ የመሣሪያውም ድንጋይ ወጥቶ ለብቻው በደረቅ ስፍራ ይደር፤ በውስጡ የቀረ ድንጋይ አፍልቶ ብረቱን ይበላዋልና።